ኢኒድ ታክስተር በበጋ ያላደረችበት ክፍል

በጓሮዬ፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ፣ ሬንጅ የተቀባ ጥቁር የጣውላ ጎጆ ቆሟል። በበጋ ወደ መንደራችን ወደ ኬልስባይ የሚመጡ እንግዶች አጥሬ ላይ ተደግፈው ፎቶ ያነሱታል። ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት «አያትዎ ናቸው የሠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። አያቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሚስማር አጣሞ ካልሆነ መምታት የማያውቅ ሰው ነበር። ጎጆው የኢኒድ ታክስተር ነው። ስምንት ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ከባሕር ሲያወጡ እንደሚያደርጉት መቅዘፊያ ከሥሩ አስገብተው ከገደሉ ጫፍ እስከዚህ ድረስ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ በር እከፍት ነበር። ጉልበት በሚጠይቅ ሥራ ላይ የእኔ ድርሻ ሁሌም በር መክፈት ነው።

ሲረል ፔግ እባላለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የኬልስባይን ፖስታ በብስክሌት አድያለሁ። ፖስታ አዳይ ብዙ ነገር ያውቃል። የማን ልጅ ከአውስትራሊያ መጻፍ እንዳቆመ፣ ማን ከሐኪም ቤት የሚመጣ ወረቀት እየጠበቀ እንቅልፍ እንዳጣ ያውቃል፤ ግን አይናገርም። እኛ የኖርፎክ አውራጃ ሰዎች ደግሞ ፖስታ አዳይ ባንሆንም አንናገርም። የጎረቤታችን ጣሪያ ሲቃጠል ብናይ እንኳ በሩን አንኳኩተን፣ መጀመሪያ ስለ አየሩ ትንሽ አውርተን፣ ከዚያ ነው «ላስቸግርህ አልፈልግም እንጂ» ብለን የምንጀምረው። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እዚህ ጠረፍ ላይ ቤቱን ሠርቷል። ይህን የምለው ስቄ አይደለም፤ አንዲትን ሴት ምን እንዳስከፈላት ስለማውቅ ነው።

ኢኒድ ፐርሲ ታክስተርን ያገባችው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በዓመቱ፣ በጥቅምት ወር ነው። ፐርሲ ሸርጣን አጥማጅ ነበር። ቤቱ ከመንደሩ ሁሉ ወደ ገደሉ የቀረበ ሲሆን ታች አንድ ክፍልና ማድ ቤት፣ ላይ አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ነበረው። የመኝታ ክፍሉ መስኮት ግን ከዳር እስከ ዳር ባሕር ነው። በጥቅምት የገባችው ሙሽራ ጰራቅሊጦስ እስኪደርስ እዚያ ተኛች። ከዚያ በዚህ አገር ቤት ያለው ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ። አልጋቸውን ለበጋ እንግዳ ለቀቁና ራሳቸው ጓሮ ወዳለው ጎጆ ገቡ፤ እስከ መስከረም። ማንም እንደ ችግር አያየውም ነበር። የእኔ እናት ስድስት ልጆች ይዛ በየበጋው ዶሮ ቤት ነበር የምትከርመው። እኔ ራሴ እዚያው ነው የተወለድኩት፤ ያን ዕለት ጠዋት ከእኔና ከአውራ ዶሮው ማን ቀድሞ እንደ ጮኸ ታላላቆቼ እስኪሞቱ ድረስ ሲከራከሩ ኖረዋል።

እንግዲህ የኛ ጠረፍ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። በብርዱ ወራት ፀሐይ ከኋላ በእርሻው በኩል ትወጣና እዚያው በእርሻው በኩል ትገባለች፤ የፊት ለፊቱ መስኮት አያገኛትም። በሰኔ ግን ከባሕሩ ውስጥ ነው ብቅ የምትለው፤ ያን አልጋ ትሞላዋለች። ስለዚህ ክፍሉ የኢኒድ በሆነበት ወራት ፀሐይ የለችም፣ ፀሐይ በምትመጣበት ወራት ክፍሉ ከሌስተር ከተማ የሚመጡ እንግዶች ነው።

ፐርሲ ጎህ ሲቀድ ወጥመዱን ሊያወጣ ባሕር ላይ ነው። ተመልሶ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ሁሌ አንድ ነገር ይነግራታል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ከጀልባው ላይ ሲያየው መስኮታቸው እሳት የተያያዘ እንደሚመስል። እሷም እንግዶቹ ምንኛ ታድለዋል ትላለች። «ለሚመጣው በጋ ለማንም አናከራይም፤ እኔና አንቺ እንተኛበታለን» ይላል እሱ። ሠላሳ ሁለት በጋ እንዲህ አለ። ከዚያ በመጋቢት ሳምባው ታመመና ሞተ። ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። በዚያው ዓመት በጰራቅሊጦስ ሰሞን ግን ደብዳቤ ላደርስ ብገባ በሩ ክፍት ነው፤ ከደረጃው ሥር ሆኜ ቀና ስል ለእንግዶቹ አንሶላ እየቀየረች ሳለ ትራሱን አቅፋ መስኮቱ ሥር ቆማ አየኋት። ደብዳቤውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ያኔም ምንም አላልኩም።

ከእንግዶቿ ሁሉ የቆዩት ሚስተር ራልፍ ሆሊስና ሚስቱ ማርጆሪ ነበሩ። እሱ ሌስተር ውስጥ የካልሲ ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከአንገቱ ክራቫት የማይለይ፣ አሸዋ ላይ እንኳ በክራቫት የሚቀመጥ ሰው። በየዓመቱ የሰኔን ሁለት ሳምንት ይይዛሉ። ጥር በመጣ ቁጥር «እንደተለመደው ቢሆንልን» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ኢኒድ «እንደተለመደው» ብላ ትመልሳለች። ሁለቱንም ያመላለስኩ እኔ ነኝ። ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሻይ በትሪ ይዛ ደረጃውን ትወጣለች፣ በሩን ሁለቴ ታንኳኳለች፣ ትሪውን ደፉ ላይ አስቀምጣ ትወርዳለች። እንግዳ ተኝቶበት ያን በር ከፍታ ገብታ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ አንድ ደቂቃ አላሳለፈችም፤ ሰዓቴን በእሷ ነበር የማስተካክለው።

ዓመታት አለፉ። ሌሎቹ እንግዶች ፀሐይ ወደማይጠፋበት ወደ ስፔን ሄዱ፤ ማን ይፈርድባቸዋል። ማርጆሪ ሞተች። ሚስተር ሆሊስ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣና በጥር የመጣው ደብዳቤ ረዘም አለ፤ ሚስስ ታክስተር ፈቃዷ ከሆነ ከጰራቅሊጦስ እስከ መስከረም ክፍሉን እሱ ብቻውን ሊይዘው ይፈልጋል። ኢኒድ አነበበችልኝ። ሐዘን ነው አለች፤ ምስኪን፣ የት ይሂድ፣ እዚህ እኮ ነው ሚስቱን የሚያስታውሳት። አንዲት ባል የሞተባትና አንድ ሚስት የሞተችበት ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያድሩ አይችሉም፤ ኬልስባይ ምን ይላል። ስለዚህ ጎጆው ውስጥ ቀጠለች። ለእሱ ቀዝቃዛ አየር እንደምትወድ ነገረችው። ከብርድ ልብሷ ሥር የሞቀ ውሃ ጠርሙስ እንደምትደብቅ የማውቀው እኔ ነኝ።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን፣ እንዲህ መምጣት ከጀመረ በአምስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ከሚስተር ሆሊስ ጋር ተቀምጬ የሸርጣን ሳንድዊች ስንበላ እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በእኛ መካከል ይቅር አለኝና፣ መምጣቱን ቢተወው ደስ እንደሚለው ነገረኝ። ጉልበቱ ያንን ደረጃ አይችልም። ልጁ የአትክልት ቦታ ያለው ቤት ሠርታ ከእኔ ጋር ክረም እያለች ትለምነዋለች። ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ የማርጆሪ ጎን ባዶ በሆነ አልጋ ላይ መተኛት አንጀቱን ይበላዋል። «ግን ሚስተር ፔግ፣ ያቺ ሴት ሌላ ማን አላት? ሁሉም ትቷታል። እኔም ብተዋት በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለኝ።

እኔም ሳንድዊቹ ጥሩ ጨው እንዳለው ነገርኩት። የእንግዳን ሆድ ለባለቤት መንገር በኛ ዘንድ ዶሮ ከመስረቅ ይብሳል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

አራት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ገደላችን ጭቃ ነው፤ በየክረምቱ ባሕሩ ከሥሩ እየላሰ ይበላዋል። ኢኒድ ስታገባ ከደጇ እስከ ገደሉ የድንች እርሻ፣ የጋሪ መንገድና የጎረቤቷ የሚስስ ጎትስ የዶሮ ቤት ነበር። ሰባ ዓመት በሞላት ዓመት አሥራ አንድ እርምጃ ቀርቶ ነበር፤ በየወሩ መጀመሪያ ቀን በጫማዋ ትለካዋለች። በመጋቢት ከማዘጋጃ ቤት የአደራ ደብዳቤ አመጣሁላት። ፈርማ ተቀበለችኝ፣ ቆማ አነበበችው፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ቤቱ እስከ መስከረም መጨረሻ ተለቅቆ ይፈርሳል፤ ለእሷ መሃል አገር ውስጥ፣ ከባሕሩ ርቆ፣ አንድ የቀበሌ ቤት ተገኝቶላታል። ሻይ ትጠጣለህ ወይ አለችኝ። እጠጣለሁ አልኳት። ውሃው እስኪፈላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆየችና ሳትዞር ተናገረች።

«ሲረል፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ከመፍረሱ በፊት አንድ የሰኔ ጠዋት እዚያ ላይ መንቃት። ፐርሲ ሲያወራው የኖረውን ባየው።»

ታዲያ ለሚስተር ሆሊስ ጻፊለት አልኳት። ገረመመችኝ። ሚስቱን የቀበረን ሰው፣ ሌላ መሄጃ የሌለውን፣ በመጨረሻው ዓመት አትምጣ ልትለው? ይልቅ ቤቱ እንደሚፈርስም አትነግረውም፤ በጋውን ታበላሽበታለች። አየህ፣ የሁለቱንም ልብ የማውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ኩባያውን ጨልጦ፣ ጥሩ ሻይ ነው ብሎ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ዛሬም ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሚስተር ሆሊስ በጰራቅሊጦስ መጣ፣ ያንኑ ቡናማ ሻንጣ ይዞ። ኢኒድ ጎጆዋ ገባች። ሰኔ ገባ፣ እኔም ዝም እንዳልኩ። ከዚያ በአንድ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘንቦ አመሻሹ ላይ ገደሉ ተናደ። አሥራ አንዱ እርምጃ አምስት ሆነ። ረቡዕ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ቢጫ ቆቡን አድርጎ መጣና መስከረም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ውስጥ ሰው ማየት እንደማይፈልግ ነገራቸው። ደህና ልጅ ነበር፤ ሲናገር ቆቡን አውልቆ ነው።

ፖስታ ይዤ ስደርስ ሁለቱ ማድ ቤት ቆመዋል። ኢኒድ የስልክ ማውጫ ዘርግታ ለሚስተር ሆሊስ ክሮመር ከተማ ውስጥ ሌላ ክፍል ልትፈልግለት መነጽሯን እያሰሰች ነው፤ በጋው እንዳይቀርበት። ሚስተር ሆሊስ ደግሞ ቤቷን ላጣች ሴት የት እንደምታድር ሳያውቅ እንዴት ወደ ክሮመር ይሄዳል፤ እዚሁ አካባቢ እንደሚቆይ፣ እንደማይተዋት እየነገራት ነው። እሷ አይቸገሩ ትላለች፣ እሱ ምንም ችግር የለውም ይላል። እሷ ምንኛ ደግ ነዎት ትላለች፣ እሱ ኧረ እርስዎ ነዎት ይላል። ደሜ ፈላ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በሰው ቤት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» አልኩ። «ሚስተር ሆሊስ፣ እርስዎ እዚህ መምጣት ካስጠላዎት ቆይቷል። ደረጃው ጉልበትዎን ገድሎታል፣ ልጅዎ ትጠብቅዎታለች፤ የሚመጡት እሷ ብቻዋን እንዳትቀር ብለው ነው። አንቺ ደግሞ ኢኒድ፣ ይህን ሰውዬ የምታስተኚው መሄጃ የለውም ብለሽ ነው። የምትፈልጊው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ አንድ የሰኔ ጠዋት መንቃት። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ። አሁን የቀረሽ ሦስት ጠዋት ነው።»

ሚስተር ሆሊስ ጫማውን ያያል። ኢኒድም የእሱን ጫማ ታያለች። እኔ የምሸሽበት በር ሩቅ ነው።

«ዘጠኝ በጋ፣ ሚስስ ታክስተር?» አለ በመጨረሻ።

«ዘጠኝ፣ ሚስተር ሆሊስ።»

«ደረጃው… እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ቀጥ ያለ ነው።»

«ጎጆውም» አለች ኢኒድ፣ «እውነት ለመናገር፣ ትንሽ እርጥብ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሲረል ፔግ፣ ይህን ሁሉ ሆድህ ይዘህ ነው ስንት ዓመት ሻዬን ስትጠጣ የኖርከው?»

ሚስተር ሆሊስ ወደ ላይ ወጣ፣ ሻንጣውን ይዞ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠረ ወረደ፣ ጓሮውን አቋርጦ ጎጆው ውስጥ አስቀመጠው። እንግዳ ጎጆ ውስጥ አላስተኛም ብላ ተከተለችው፤ እስከ ቅዳሜ እንግዳዋ እሷ እንደሆነች ነገራትና በሩን በትሕትና ዘጋባት። ኢኒድም ምን ታድርግ፤ አልጋውን አነጠፈች፣ ንጹሕ ፎጣ ሰቀለች፣ ውሃ በማንቆርቆሪያ ሞላች፣ ሰሐን ላይ ሁለት ብስኩት አደረገች። ለራሷ። ለእንግዳ የሚደረገው ሁሉ ተደርጎ እንግዳዋ ወጥታ ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት የባሕር ጉም ነበር። በአጠገቡ የማልፈውን ቤት እንኳ ሳላይ ነው በብስክሌት የመጣሁት። አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ኢኒድ ማድ ቤት ውስጥ ሻይ እያፈላች አገኘኋት፤ እግሯ በልማድ ነው ያወረዳት። አርብ ዘነበ። መስኮቱን የጭቃ ውሃ ሲያጥበው ዋለ። ሰዎቹ ዕቃ ማውጣት ጀምረዋል፤ ወንበሮቹ፣ ቁም ሣጥኑ፣ የፐርሲ ሰዓት ወጡ። እሷ ግን እየሣቀች፣ ፐርሲም እንዲሁ ነበር፣ ቃል ይገባል እንጂ አይመጣም አለችኝ። ሣቋ ግን አልዘለቀም። ለአንድ አፍታ ግድግዳውን ይዛ ቆመችና ወደ ማድ ቤቱ ገባች።

ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ፖስታ ቤት እየሄድኩ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት፣ ወደ ባሕሩ ገፋ ያለው ጉብታ ላይ ስደርስ ባሕሩ ጥርት ብሏል፤ ጠርዙ ላይ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ፐርሲ አልዋሸም። ከመንደሩ ሁሉ ያ አንድ መስኮት በእሳት ተያይዟል። መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር ተከፍቷል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ራስ ትታያለች። ብስክሌቴ ከእጄ ወደቀ። አለቀስኩ፤ ማን ያየኛል ብዬ እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ከመሆኑ በፊት ደጇ ደረስኩ። ለእሷ ደብዳቤ አልነበረም። ማድ ቤት ውስጥ ሚስተር ሆሊስ ክራቫቱን አስሮ፣ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ ትሪ ላይ ሻይ፣ ወተትና ሁለት ብስኩት አሰናድቶ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ትሪውን ልያዝልዎት አልኩት። በዓይኑ እንኳ አላየኝም። ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን መውጣት ጀመረ። በየደረጃው ኩባያው ይንቀጫቀጫል፤ እኔ ከኋላው እጄን ዘርግቼ እከተላለሁ። ላይ ደርሶ በሩን በክርኑ ሁለቴ አንኳኳ።

አርባ ስድስት ዓመት ያንን በር ያንኳኳችው ሴት ከውስጥ «ይግቡ» አለች።

እጁ ስለተያዘ ከፈትኩለት። አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፣ ፀጉሯን አበጥራለች። ፊቷ ቀልቷል። ሚስተር ሆሊስ የወለሉን ጣውላ እያየ ትሪውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት።

«ሠላሳ አራት ዓመት ይህን ሲያዩ ነው የኖሩት?» አለችው። «ዋጋ መጨመር ነበረብኝ።»

ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም። ክራቫቱን ነካ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚስስ ታክስተር፣ እውነቱን ልንገርዎት። መጋረጃውን ከፍተነው አናውቅም። ማርጆሪ ብርሃን ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ከሞተች በኋላም… እሷ ትዘጋው ስለነበር እዘጋዋለሁ።»

ኢኒድ ኩባያውን እንደያዘች ቀረች። ያ ሁሉ በጋ፣ ያ ሁሉ እርጥብ ጎጆ፣ ምንኛ ታድለዋል ያለቻቸው ሰዎች በጨለማ ተኝተው። ከዚያ ትሪውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችለት።

«በሉ ይቀመጡ፣ ሚስተር ሆሊስ» አለች። «ፀሐይዋ አሁንም አልሄደችም።»

ወንበር ፈለገ፤ ወንበሮቹ ወጥተዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ በማርጆሪ ጎን፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ባሕሩን አየ። «አቤት» አለ። እኔ በሩን ከፍቼ እንደያዝኩ ቆምኩ። የዚያን ቀን ፖስታ ኬልስባይ የደረሰው ሦስት ሰዓት አልፎ ነው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንዴ። ለምን ዘገየህ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።